ቡሄ በካንጋሮ ሜዳ

በሰንበሌጥ ሜዳ ውሃ በቀን አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ። መጀመሪያ ካንጋሮዎቹ ይጠጣሉ። ገንዳቸው ሲሞላ የተረፈው በቧንቧ ወደ ቦኖው ይወርድና ሰው ይቀዳል። ይህ ደንብ ከወጣ ሦስት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ ሰሞን “ከአውሬ የተረፈ አንጠጣም” ብለው ያኮረፉ ነበሩ። አሁን ጀሪካኑን ይዞ አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብሎ “ዛሬስ ምነው ብዙ ጠጡ?” የሚል ሰው ብቻ ነው የቀረው።

ኢዮስያስ ደምሰው እባላለሁ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። በጣቢያው መዝገብ ላይ “የመስክ ረዳት” ተብዬ ሰፍሬያለሁ። ሥራዬ እረኝነት ነው፤ ቃሉን ስለሚያፍሩበት ነው እንጂ። ትምህርቴ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው። ለምን እዚያ ላይ እንደቀረ ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

ከብት ከአገሩ ከተነሣ አሥራ አምስት ዓመት አልፏል። መጀመሪያ ዝናቡ ሄደ፣ ከዚያ ሳሩ፤ ከዚያ ደግሞ የከብት ትንፋሽ ሰማዩን ያሞቃል የሚለው ሕግ መጣና የተረፉትን በመኪና ጫኗቸው። ከበሬው ጋር ምን ምን አብሮ እንደሄደ የቆጠረ ሰው የለም። አውድማ የሚለቀለቅበት እበት ሄደ። ኩበት ሄደ። አራሽ የሚባል ሰውም ሄደ። ጤፉን የሚዘራውም የሚያጭደውም ከላይ የሚበር ነገር ነው፤ እኛ ደጃችን ቆመን እናየዋለን፣ አንዳንዱ እንደ ልማድ እጁን አንሥቶ ሰላም ይለዋል። ልጆቹም ሄዱ። በሰንበሌጥ ሜዳ ከሃምሳ ዓመት በታች የሆነ ሰው የለም። ልጆቻችን ከተማ ማማ ላይ ነው የሚኖሩት። ስንተኛ ፎቅ እንደሆኑ እናውቃለን፣ ከዚያ በላይ ብዙም አናውቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው ከአውስትራሊያ ሁለት መቶ ካንጋሮ የመጣው። ትንፋሹ ንጹሕ ነው፣ ውሃ አያበዛም፣ ድርቅ ይችላል ተባለ። ሥጋው ወደ ውጭ ነው የሚላከው። እኛ አንበላውም፤ ሰኮናው ስንጥቅ እንዳይባል ሰኮናም የለው። የማንበላውን እናረባለን፣ ስለምናረባው እንጠጣለን። የአገሬው ሰው ስሙን “ባለ ኮሮጆ” ብሎ አወጣለት፤ እናቲቱ ግልገሏን ሆዷ ላይ ባለው ኮሮጆ ስለምትይዝ። በመጡ ጊዜ በሩ ላይ ፎቶ ተነሡ። የወረዳው ሰው፣ ባለሙያው፣ ሾፌሩ ሳይቀር። እኔን ፎቶውን አንሣ አሉኝ።

ሙከራው የሦስት ዓመት ነበር። ጥያቄው አንድ ነው፤ ካንጋሮ በዚህ አየር ኖሮ ይራባል ወይስ አይራባም? ነሐሴ 16 ቀን 2083 ኮሚሽኑ መጥቶ ይቆጥራል። ኮሮጆ ውስጥ ያለ ግልገልም በሕይወት እስካለ ይቆጠራል። ሦስት መቶ ከሞላ ውሃው ይቀጥላል። ከጎደለ ቧንቧው ይዘጋል፤ መንደሩም ተነሥቶ ማማ ላይ ይወጣል።

በዚያ ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሁለት መቶ አንድ ትልልቅ፣ አንድ መቶ ስምንት ግልገል ነበረኝ። ሦስት መቶ ዘጠኝ። በየዓመቱ ነሐሴ በገባ ግን ሃምሳም ስድሳም ግልገል ከኮሮጆ ወድቆ ጠዋት ጭቃ ላይ አገኛለሁ። ጣት የሚያህልም አለ፣ ድመት የሚያህልም አለ። በአካፋ እሰበስባቸዋለሁ። ጣቢያው ደረቴ ላይ የሰካልኝ ተናጋሪ መቆጣጠሪያ “እርምጃዎ ቀንሷል” ይለኛል።

ባለሙያው ዶክተር ናሆም ሽፈራው ይባላል። ሐምሌ 26 ቀን መጣ፤ ነጭ ጫማ አድርጎ፣ በክረምት።

“ኢዮሲ! አለህ እንዴ?” አለኝ። እንደ ዕቃ ነው የሚጠይቀኝ።

“የት እሄዳለሁ፣ ዶክተር።”

ናሆም የዚሁ አገር ልጅ ነው። አንድ ወንበር ላይ ተምረናል። የስምንተኛ ክፍል ፈተና በታብሌት ነበር፤ ከወረዳው አንድ ልጅ ብቻ ነበር ወደ ከተማ የሚያልፈው። በዚያ ጠዋት የእሱ ቻርጅ አልቆ እንባው መጣ። ሁላችንም በቦርሳችን ላይ የምናነጥፋት የፀሐይ ባትሪ ነበረችን፣ የእሱ ተሰብራለች። “ግማሽ ሰዓት ብቻ” ብሎ የኔን ወሰደ። ሰማዩ ደመነ። ባትሪዬ እሱ ጋ እንዳለች የኔ ታብሌት አርባ አንደኛው ጥያቄ ላይ ጠፋ። ጥያቄው ስድሳ ነበር። እሱ ዶክተር ሆነ፣ እኔ አካፋ ያዝኩ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ የሚሰማ ቢኖር እናገር ነበር።

የጣቢያውን በር ዘግቼ ጀርባውን አሳየሁት። በከሰል የሦስት ዓመት የጻፍኩበት ነው፤ በየቀኑ ስንት ግልገል እንደወደቀ።

“ይኸውልህ” አልኩት። “የሚወድቁት ከነሐሴ አንድ እስከ ነሐሴ አሥራ አራት ነው። ሦስቱንም ዓመት። ከዚያ በኋላ የለም።”

“ነሐሴ ብርድ ነዋ።”

“ታኅሣሥስ? ታኅሣሥ ገንዳው ላይ ውሃ ይረጋል። አንድም ወድቆ አያውቅም።”

“ብርድ ከእርጥበት ጋር ሲሆን ሌላ ነው፣ ኢዮሲ።”

“ጅራፍ ነው፣ ዶክተር።”

“የምን ጅራፍ?”

“የቡሄ። ሽማግሌዎቹ ነሐሴ ከገባ ጀምሮ ኮረብታው ላይ ወጥተው ያጮሃሉ። ባለ ኮሮጆዋ ስትደነግጥ ኮሮጆዋን ታላላና ግልገሏን ትጥላለች፤ ቀሏት ልትሮጥ። ዓይኔ አይቷል።”

ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰኝ። “መለኪያ ተክለናል እኮ። ከኮረብታው እዚህ የሚደርሰው ድምፅ በር ከመዝጋት አይበልጥም።”

“መለኪያው ግልገል የለው።”

“እሺ” አለ ሰዓቱን እያየ። “አንተ መልካም ሠራተኛ ነህ፣ ማንም አይክድህም። ግን አየሩ አልተስማማቸውም። ሪፖርቱን ጽፌዋለሁ። የነሐሴው ቆጠራ ለወጉ ነው።”

“እኛስ?”

“ማማ ላይ ትወጣላችኋላ። እኔስ የት የምኖር ይመስልሃል? አይገድልም።”

ሊሄድ ሲል “ናሆም፣ ባትሪዋ ትዝ ትልሃለች?” አልኩት። በስሙ ብቻ ከጠራሁት ሃያ ዓመት ይሆነኛል።

“የምን ባትሪ?” አለኝ። ደረቴ ላይ ያለችውን አየ። “ቻርጅ አልያዝ አለች እንዴ? እንዲቀይሩልህ እነግራለሁ።”

“ተወው” አልኩት።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ጋ ሄድኩ። ልጅ ስለሌለ በሰንበሌጥ ሜዳ ቡሄን የሚያከብሩት ሽማግሌዎች ናቸው። አሥራ አንድ ናቸው። ትንሹ ሃምሳ አምስት፣ ትልቁ ጋሽ ያብስራ ስልሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ነሐሴ ሊገባ ሲል በድሮው የገበሬ ማኅበር መጋዘን ይሰበሰቡና ከቃጫ ጅራፍ ይገምዳሉ። እኔን ጠርተውኝ አያውቁም። የመንግሥት ሰው ነው ይላሉ፤ መንግሥት ደግሞ የነሱ ሰው ነህ ይለኛል።

“መጣ፣ የአውሬ ሞግዚት!” አለ ኢዩኤል። እግሩ ያነክሳል፣ አፉ ግን አያነክስም።

“ጋሼ” አልኩ ወደ ጋሽ ያብስራ ዞሬ፣ “ዘንድሮ ጅራፉ ይቅርብን።”

የሁሉም እጅ ቆመ።

“ፋሲካውንስ መቼ ነው የምታስቀርልን?” አለ ኢዩኤል።

ነገሩን ከሥር ጀምሬ ነገርኳቸው። ሦስት መቶ ዘጠኝ እንዳለን፣ ከዘጠኝ በላይ ከወደቀ ቧንቧው እንደሚዘጋ፣ መኪና መጥቶ እንደሚጭነን። በሩ ጀርባ የጻፍኩትንም ነገርኳቸው።

“ናሆም ነው ይኼን ያለህ?” አለ ጋሽ ያብስራ።

“ናሆምማ አላመነኝም።”

“ስማው እንግዲህ!” አለ ኢዩኤል። “የተማረው ያላመነውን እኛ እንመን? ጅራፍ እራሱ ገርፎ እራሱ ይጮሃል ያሉት አንተን ነው። ጣቢያ ተቀጥረህ አውሬው አልረባልህ ሲል በኛ ታመካኛለህ።”

“የምትቀዳው ውሃ ከየት ነው የሚመጣው፣ ኢዩኤል?”

“ካንተ አውሬ ምራቅ።”

ሳቁ። ጋሽ ያብስራ አልሳቀም። የጀመረውን ጅራፍ ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ጫፉን በጣቱ ያሻሽ ነበር።

“ልጆቼ በበዓል ፊታቸውን ያሳዩኛል” አለ። “እንኳን አደረሰህ ይላሉ። ምን በላህ ይላሉ። መልሱን ሳልጨርስ ይጠፋሉ። ጅራፌን ሳጮህ ግን ማዶ ይመልስልኛል።”

ማዶ አምባ ከገደሉ ወዲያ ያለ መንደር ነው። በልጅነታችን የኛ ጅራፍ ሲጮህ የእነሱ ይመልስ ነበር፤ ማን ይበልጥ እየተባለ እስከ ቡሄ ድረስ። መንደሩ ከተነሣ አራት ዓመቱ ነው። አሁን የሚመልሰው ገደሉ ነው።

“ማዶ ሰው የለም እኮ፣ ጋሼ።”

“ሰው አለመኖሩን አንተ ብቻ ነህ የምታውቀው?” አለኝ።

ጎንበስ ብዬ ጉልበቱን ሳምኩ። የሰው ጉልበት ስሜ አላውቅም፤ የቀጠረኝንም፣ ያባረረኝንም።

“ተው፣ ተው፣ እሱን ጉልበት ያመኛል” አለ። ከዚያ ጅራፉን ከጉልበቱ ላይ አወረደና “አንድ ዓመት” አለ። “ለውሃው ስንል። ኮረብታው ላይ መሞት እፈልጋለሁ እንጂ እዚያ ሳጥን ውስጥ አይደለም። ጅራፉን አንሣ፣ ኢዩኤል።”

አሥራ አንዱንም ጅራፍ መጋዘኑ አግዳሚ ላይ ሰቀሉት።

ነሐሴ ገባ። ዝናቡ ልማዱን አላጣም፤ ከሰዓት ይመጣል፣ ትንሽ ይጥልና ይሄዳል። ነሐሴ አንድ ቀን የወደቀ ግልገል የለም። ነሐሴ ሁለት የለም። አካፋውን ይዤ እወጣለሁ፣ አካፋውን ይዤ እመለሳለሁ። በሩ ጀርባ በከሰል ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ እያልኩ ጻፍኩ። ደስ አለኝ ማለት አልችልም። ደስታም ልማድ ይፈልጋል። ማታ ማታ ግን “ናሆም ይኼን ሲያይ ምን ይል ይሆን?” እያልኩ አስብ ነበር፤ ከውሃውም ይልቅ እሱን።

ሽማግሌዎቹ በከሰዓቱ መጋዘኑ ደጃፍ ይቀመጡ ነበር። እጃቸው ሥራ ፈትቶ ጉልበታቸው ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ሳልፍ ሰላም አይሉኝም።

ነሐሴ 12 ላይ ሦስት መቶ ዘጠኙም ነበሩ።

ነሐሴ 13፣ የቡሄ ዕለት፣ ረፋድ ላይ ገንዳውን እየጠረግሁ ነበር። ዘፈን ሰማሁ። አሥራ አንዱ በየቤቱ ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙላቸውን ሲቀበሉ ቆይተው ወደ ጣቢያው መጡ። ጣቢያው ከመጣ ጀምሮ በሩ ላይ ሳይጨፍሩ አያልፉም። ኢዩኤል እያነከሰ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። በየእጃቸው ዱላ አለ። ግጥሙ ሲያልቅ ዱላውን አንድ ላይ መሬት ላይ ያወርዱታል፤ ድም። ደግሞ ድም።

ምንም አልመሰለኝም። ጅራፍ አልያዙማ። እንዲያውም ሙልሙል አዘጋጅቼላቸው ነበር።

ከዚያ አንዲት አሮጊት ባለ ኮሮጆ አየሁ። ጆሮዋ የተቀደደው፣ መንጋው ሁሉ የሚከተላት ናት። ቀጥ ብላ ቆመች። ዱላው ሲወርድ እሷም አንድ እግሯን አንሥታ መሬቱን መታች፤ ድም። ይህን ከዚህ ቀደም አይቻለሁ። ጅብ አጥሩን ሲያሸት እንዲህ ታደርጋለች። ሽሹ ማለቷ ነው። ሽማግሌዎቹ እግዜር ይስጥልን ሲሉ፣ መንጋው በራሱ ቋንቋ አሥራ አንድ ጊዜ ሽሹ፣ ሽሹ እየተባለ ነበር።

ሁሉም በአንዴ ተነሡ። ሁለት መቶ አንድ ካንጋሮ ሜዳውን አቋርጦ ሲሄድ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ከመሮጣቸው በፊት ኮሮጆ ሲላላ አየሁ፤ አንዷ ጣለች፣ ሌላዋ ጣለች።

“ተዉ! በእመቤቴ ተዉ!” እያልኩ ወደ በሩ ሮጥኩ። “ዱላውን ተዉ!”

ቆሙ። ኢዩኤል አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

“ስለ ጅራፍ ነው ያልከን” አለ ጋሽ ያብስራ። “ስለ ዱላ ምን አልክ?”

“አላወቅሁም ነበር፣ ጋሼ። ዱላውም ነው። የነሱ እግር ይመስላቸዋል።”

በሩን ከፈትኩ። ሰው ወደ ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው፤ ደረቴ ላይ ያለችው ደጋግማ ነገረችኝ። አሥራ አንዱም ገቡ፤ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሳልነግራቸው። ጭቃው ላይ አሥራ አራት ግልገል ወድቋል። ሦስቱ ሞተዋል። አሥራ አንዱ ይተነፍሳሉ፤ ጸጉራቸው ገና ሳስቶ፣ እግራቸው ከአካላቸው ረዝሞ።

ከሦስት መቶ ዘጠኝ ላይ አሥራ አራት ቢጎድል ሁለት መቶ ዘጠና አምስት ይቀራል። ሒሳቡን ለመሥራት ስምንተኛ ክፍልም አያስፈልግም።

“እናቶቻቸው አሁን አይቀበሏቸውም” አልኩ። “ጨለማና ሙቀት ይፈልጋሉ። የልብ ምትም መስማት አለባቸው፣ አለዚያ ይሞታሉ።”

ጋሽ ያብስራ ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሣና ጋቢው ውስጥ፣ ደረቱ ላይ አስገባው። “ና ጌታዬ” አለው። ሌሎቹም እንደሱ አደረጉ።

ኢዩኤል መጨረሻ ላይ አነሣ። “የኔ ልብ ትመታለች ብለህ ነው?” አለኝ።

“ክፋት ቢሆንም የሚያስመታት አይጠፋም” አልኩት።

ሳቀ። ያን ቀን እንደ ሰው ተሳሳቅን።

ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ። አሥራ አንድ ሽማግሌ ግልገል በጋቢው ይዞ በመንደሩ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ቁጭ ብሎ ይተኛል። በየሦስት ሰዓቱ የጣቢያውን የዱቄት ወተት በጥብጬ አዞርላቸዋለሁ። ጋሽ ያብስራ ለግልገሉ ሲያወራለት ሰማሁት፤ ማዶ አምባ እነማን ይኖሩ እንደነበር በስም እየጠራ። ከነሐሴ 13 በኋላ አንድም አልሞተም።

ነሐሴ 16 ኮሚሽኑ መጣ። መሪያቸው ወይዘሮ ሶልያና የምትባል ረጋ ያለች ሴት ናት። ሜዳ ያለውን ቆጠሩ፣ ኮሮጆ ውስጥ ያለውን ቆጠሩ። ከዚያ መጋዘኑ ደጃፍ ሄደው ጋቢ እያስገለጡ ቆጠሩ። ሦስት መቶ ስድስት።

ኢዩኤል ፊቱን አዞረ፤ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ።

ናሆም ወዲያው መናገር ጀመረ። ሪፖርቱን ለውጦ እንደሆነ እንጃ፤ “ይህ እንግዲህ እንስሳቱ ቀስ በቀስ ከአየሩ ጋር የመላመድ ምልክት ነው፣ እኛም ስንጠብቀው የነበረ ነው” አለ።

ወይዘሮ ሶልያና ሰማችውና ወደ እኔ ዞረች። “እርስዎስ ምን ይላሉ? ከእንስሳቱ ጋር የሚውሉት እርስዎ ነዎት። ዘንድሮ ምን ተለወጠ?”

አንቱ ያለኝ የመንግሥት ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ምን ታስባለህ ብሎ የጠየቀኝም ሰው የለም፤ አርባ አምስት ዓመት ሙሉ። “እግዜር ያውቃል” ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ውሃው ተርፏል፤ ቁጥሩ ሞልቷል። ነገሩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር።

እኔ ግን ተናገርኩ። የጅራፉን ተናገርኩ። የኮሮጆውን መላላት ተናገርኩ። በሩን አዙሬ ከሰሉን አሳየኋት። ሐምሌ 26 ቀን ለባለሙያው ነግሬው እንደሳቀ ተናገርኩ። ናሆም ነጭ ጫማውን ያይ ነበር። እሱን እያየሁ ቃል ቃልን ወለደልኝ።

“አንተ ልጅ” አለ ጋሽ ያብስራ ከጎኔ፣ ቀስ ብሎ። “ይበቃል።”

አልሰማሁትም። ወደ ዱላው ገባሁ። አሮጊቷ ባለ ኮሮጆ እግሯን እንዴት እንደምታነሣ በራሴ እግር መሬቱን መትቼ አሳየሁ። “ጭፈራም ቢሆን ያው ነው” አልኩ። “መሬት የሚመታ ነገር ሁሉ ያው ነው።” ይኼን ማንም አልጠየቀኝም።

ወይዘሮ ሶልያና የበሩን ጀርባ ፎቶ አነሣች። “ሙሉ ስምዎ?” አለችኝ።

“ኢዮስያስ ደምሰው ገብረ ሥላሴ” አልኩ። እስከ አያቴ።

ጳጉሜን 3 ቀን ማስታወቂያው ቦኖው ላይ ተለጠፈ። ካንጋሮ በዚህ አየር መኖርና መራባት እንደሚችል ተረጋግጧል ይላል። ውሃው ይቀጥላል። መንጋው ወደ አንድ ሺህ ያድጋል፤ በሌሎች ስድስት ወረዳዎችም ጣቢያ ይከፈታል። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ “በአቶ ኢዮስያስ ደምሰው ገብረ ሥላሴ የመስክ ምልከታ መሠረት፣ ማንኛውም መንጋ ካለበት አሥር ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ጅራፍ ማጮህ፣ መሬትን በዱላ መምታት፣ በሠርግም ሆነ በበዓል መሬት እየረገጡ መጨፈር፣ እንዲሁም ማናቸውም ተመሳሳይ እንቅስቃሴ ዓመቱን ሙሉ ተከልክሏል።”

ስሜን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንድም ፊደል አልሳቱም።

ኢዩኤል ጀሪካኑን ይዞ ቆሞ አነበበ። ቀልድ ጠበቅሁ። ቀድቶ ሄደ። በማግስቱ ከወረዳው ሁለት ሰዎች መጥተው መጋዘኑን ከፍተው ጅራፎቹን ወሰዱ። ለፈረሙላቸው ሽማግሌዎች ደረሰኝ ሰጡ።

ማንም አልሰደበኝም። ያ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። መስከረም ላይ ሦስቱ ልጆቻቸው ጋ ሄዱ፤ ማንም ሳያስነሣቸው፣ በራሳቸው። ጥቅምት ላይ አራት ሄዱ፤ ኢዩኤልም አንዱ ነበር። ሲሄዱ ግልገላቸውን ጣቢያው በር ላይ በጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠውልኝ ነው። ረፋድ የመጣው ውሃ ቀኑን ሙሉ ከቦኖው አያልቅም አሁን። ወረፋ የለም። አንዳንዴ መዝጋት የሚረሳ ስለሚኖር መሬቱ ይረጥባል።

ጋሽ ያብስራ የመጣው በኅዳር ነው፤ አንድ ጠዋት፣ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ። ግልገሉ ከጋቢው ውስጥ ጭንቅላቱን አውጥቶ ያያል። አድጓል፤ ሽማግሌውን ወደ ፊት ያጎብጠዋል።

“ይኼን ያዝልኝ” አለ። “ማማው ላይ እንስሳ አይፈቀድም አሉኝ።”

“ጋሼ፣ ኮረብታው ላይ ነው የምሞተው ብለውኝ ነበር። ውሃው እኮ አለ።”

“ውሃውማ አለ” አለ። “ኮረብታው ላይ ወጥቼ ቁጭ አልኩ ትናንት። ምንም የምሠራው አጣሁ።”

ይቅርታ ልለው ፈለግሁ። ቃሉ አልመጣልኝም። የነበረኝን ሁሉ ነሐሴ 16 ቀን ጨርሼዋለሁ መሰለኝ።

“አጥፍቻለሁ?” አልኩት።

ግልገሉን ከደረቱ እያወጣ ነበር፤ ጥፍሩ ጋቢው ላይ ተይዞ አልላቀቅ ብሎታል። አንድ በአንድ አላቀቀው። “አንተን ጠየቁህ፣ መለስክ” አለ። “እኛን ማንም አልጠየቀንም።” ግልገሉን ጋቢዬ ውስጥ አስገባልኝና በመዳፉ ዳበሰው። “አይዞህ” አለው። እኔን አልነበረም።

መኪናው ታች መንገዱ ላይ ይጠብቀው ነበር። ሲወርድ አየሁት፤ በዱላው አልተደገፈም፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ይዞት ነበር። ልጠራው አሰብኩ። መጮህ መከልከል አለመከልከሉን ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

ግልገሉ ልቤን አግኝቶ ጸጥ አለ። ወደ ሜዳው ተመለስኩ። ከሦስት መቶ የሚበልጡ ካንጋሮዎች ጆሯቸውን አቅንተው አዩኝ። ቀስ ብዬ፣ ተረከዜን ሳላሳርፍ ተራመድኩ። መሬቱን ጠንክሮ መርገጥ ክልክል ነው፤ ደንቡ በስሜ ነው የወጣው።